ከእንጦጦ ማርያም እስከ ቃሊቲ በአንድ ጫማ፦ የዘጠኝ ወር ተሞክሮዬ

ይህን ጫማ የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። ጥቁር የእግር ጉዞ ጫማ ነው። ላዩ መረብ የመሰለ ጨርቅ፣ ሶሉ ነጭ ስፖንጅ፣ ከስር ደግሞ ስስ ጎማ የተለጠፈበት። 4,800 ብር ከፈልኩበት። ለራሴ ጫማ ይህን ያህል አውጥቼ አላውቅም። ሐኪሙ ግን «ስኳርዎ ከፍ እያለ ነው፣ በእግር ይሂዱ» ሲለኝ ደነገጥኩ፤ ገዛሁት።

መጀመሪያ ከቤቴ ከሳሪስ እስከ ጎተራ እየደረስኩ እመለስ ነበር። ጥር ላይ መስቀል አደባባይ ደረስኩ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ለምን አዲስ አበባን ከአናቷ እስከ እግሯ አልሄዳትም? የካቲት ውስጥ አንድ እሁድ ቆረጥኩ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንጦጦ ማርያምን ተሳልሜ ተነሳሁ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ደብር ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አይጣል ነው። ጫማዬ ግን ቀላል ነው፣ እግሬ ላይ ያለም አይመስልም። ደስ አለኝ።

ደስታዬ ቁልቁለቱ ላይ ተፈተነ። ሽሮ ሜዳ ሳልደርስ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት የጫማውን አፍንጫ ይገፋ ጀመር። እግሬ በየእርምጃው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ከኋላዬ ደረሱብኝ። እግራቸው ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው። ቆም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ቀጥ ብለሽ አትውረጂ፤ ሰያፍ ሰያፉን ሂጂ» አሉኝ። ያንን ሁሉ ሸክም ተሸክመው ለእኔ ማሰባቸው አንጀቴን በላው። እንዳሉኝ አደረግኩ። ማሰሪያውንም ከጣቶቼ በኩል አላልቼ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በኩል ጥብቅ አድርጌ እንደገና አሰርኩት። እግሬ መንሸራተቱን አቆመ። ይህን ከቤት ስወጣ ባውቀው ኖሮ ጥፍሬ አይጠቁርም ነበር። ሚያዝያ ላይ ወለቀ።

ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። የማደርገው ቁጥር 39 ነውና 39 ገዛሁ፤ ያውም በጠዋት ሄጄ ለክቼ። እግር ደግሞ ውሎ ያብጣል፤ ብዙ ሲሄዱበት ይብስበታል። ለረጅም መንገድ የምትገዙ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሂዱ። የምትጓዙበትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ከአውራ ጣታችሁ ፊት አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ይትረፍ። ለእኔ የሚሆነኝ 40 ነበር።

ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልቱ አጠገብ ተቀምጬ ካልሲ ቀየርኩ። የጥጡ ካልሲ በላብ ርሶ ተረከዜ ውሃ ሊቋጥር ምንም አልቀረውም ነበር። ቅያሪ መያዜ በጀኝ።

ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን መንገድ ስሄድ ግን ጫማዬን መረቅሁት። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ደልደል ያለ ነው። ስፖንጁ ተረከዜን ከፍ ያደርግልኛል፣ ጉልበቴ ምንም አላለኝም። በቤተ መንግሥቱ አድርጌ፣ በሒልተን አልፌ፣ አፍሪካ አዳራሽን እያየሁ ወረድኩ። በመኪና ስንት ዓመት ያለፍኩበት ሰፈር ነው፤ እንዲህ አይቼው አላውቅም።

ከመሿለኪያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የእግረኛ መንገዱ ይቆራረጣል፣ መኪና ይቆምበታል፣ ጠጠርና አሸዋ ይፈስበታል። የጫማው ስስ ጎማ እዚህ ተሸነፈ። ሹል ጠጠር ሲረገጥ ከስር ይሰማል። ከሪቼ እስከ ላንቻ ዓይኔን ከመሬት ሳልነቅል ሄድኩ። በመንገዱ መሐል ባቡሩ ሽው እያለ ያልፋል። ጎተራ ስደርስ ፀሐዩ አናቴ ላይ ነበር።

ከባዱ ግን ሳሪስ ነው፤ ቤቴ። ልጄ በሶ በጥብጣ መንገድ ዳር ጠበቀችኝ። «እማዬ፣ በቃሽ፣ ግቢ» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ከተቀመጥኩ እንደማልነሳ ስለማውቅ በሶውን ቆሜ ጠጣሁት። ኩባያውን መልሼላት ወደ አቦ ቀጠልኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ቃሊቲ ደረስኩ። ስልኬ 25 ኪሎ ሜትርና ከ38 ሺህ እርምጃ በላይ ይላል። ወደ ሳሪስ በባቡር ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህም ጫማው አላረፈም። በሳምንት አራት ቀን እሄድበታለሁ። የሁለቱም ተረከዝ ጎማ በውጭ በኩል ተበልቷል። የግራው ደግሞ በትንሿ ጣት በኩል፣ ጨርቁና ሶሉ የሚገናኙበት ላይ ተከፈተ። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ ልጅ ጣቱን ሰዶ አየውና «ማዘር፣ ማስቲሽ ብቻ አይዘውም፤ ይሰፋ» አለኝ። በወስፌ እየበሳ በሰም በታሸ ክር ዙሪያውን ሰፋው። ከፋብሪካው ስፌት ይልቅ የእሱ ጠንክሮ ቆይቷል።

ዝናብ ላይ ይህን ጫማ አልመክርም። ጨርቁ ውሃ ያስገባል፣ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ማስቲሹ ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አኑሩት። የረጠበ ለስላሳ ንጣፍ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ባለፈው ሳምንት ለጥቂት ነው ያልወደቅኩት።

ለደረቅ መንገድና ለደህና አስፋልት ግን ከዋጋው በላይ አገልግሎኛል። ስኳሬም ወርዷል፤ ሐኪሙ «ይቀጥሉበት» ብሎኛል። ክረምቱ ሲወጣ ከጦር ኃይሎች እስከ አያት በባቡሩ መስመር ልሄድ አስቤያለሁ። ለዚያ ያንኑ ዓይነት ጫማ እገዛለሁ፤ ቁጥሩን 40 አድርጌ። አሮጌው እስከ ጎተራ ለጠዋት መንገዴ ይበቃኛል።