የወለል ሰም ማሽን ለደሴና ለኮምቦልቻ ሕንፃዎች፦ ዘገምተኛው ወይስ ፈጣኑ?

ደሴ ውስጥ የአንድ ባለ አምስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ጽዳት ኃላፊ ነኝ። ሰሞኑን «የወለል ማሽን ልንገዛ ነው፣ የትኛውን እንውሰድ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ወለላችሁ ምንድን ነው?

ሴራሚክ ከሆነ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት። ፊቱ ድፍን ስለሆነ ሰም አይዝም፤ ትንሽ ቆይቶ ይላጣል፣ እስከዚያው ደግሞ ሰው ያንሸራትታል። ሞፕና ሳሙና ይበቃዋል። ሰም የሚጠቅመው ለፕላስቲክ ታይልስ፣ ለቴራዞ፣ ለሊሾና ለፓርኬ ነው።

ሁለቱ ማሽኖች ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ከታች ክብ ፓድ (ወለሉን የሚፈትገው፣ የሚቀያየር ስፖንጅ መሰል ክብ)፣ ከላይ እጀታ። ልዩነታቸው ፍጥነቱ ነው።

ዘገምተኛው በደቂቃ 175 ዙር ገደማ ይዞራል። ጥቁር ፓድ ከታሰረበት ከማስለቀቂያ ፈሳሽ ጋር አሮጌ ሰም ይልጣል፣ በቀይ ፓድ የጫማ ጭረት ያጠፋል፣ በነጭ ያወዛል። ብሩሽ ሲገባለት ምንጣፍም ያጥባል። ክፋቱ ለማጁ ላይ ነው። እጀታውን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ወደ ቀኝ፣ ዝቅ ስታደርጉት ወደ ግራ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበት ሊገታው ይሞክርና ይዞት ይነጉዳል። እኔን የመጀመሪያ ቀን ከአንድ ጫማ ቤት የመስታወት በር ጋር አላትሞኛል። የጥበቃው አባት ከወንበራቸው ሳይነሱ «አንተ ልጅ፣ በሬ እንኳ እንዲህ አይጎትትም» አሉኝ። ከሦስት ቀን በኋላ በሁለት ጣት ነበር የምነዳው።

ፈጣኑ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ይደርሳል። የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ የደረቀ ሰም ማብረቅረቅ። በፍትጊያው ሙቀት የሰሙን ፊት አለስልሶ ይደለድለዋል፤ ውጤቱም ውሃ የተኛበት የሚመስል ወለል ነው፤ ዘገምተኛው እዚህ አይደርስበትም። ቀጥ ብሎ ወደፊት ስለሚሄድ መንዳቱም ቀላል ነው። ነገር ግን አይልጥም፣ አያጥብም፣ ውሃ ካገኘ ግድግዳውን ሁሉ ይረጫል። ስልክ ተጠርቶ ሠራተኛው አንድ ቦታ ላይ ካቆመው ደግሞ ሰሙን ያቃጥለዋል። እኛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምጣድ አሻራ የመሰለ ክብ ጠባሳ ቀርቶልናል፤ አሁን የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል።

የሰሙም ዓይነት ይወስናል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ድፍን ሰም ለስላሳ ስለሆነ ለፓርኬና ለዘገምተኛው ማሽን ነው፤ ፈጣኑ ላይ ይቀባባል። ለፕላስቲክ ታይልስና ለቴራዞ ፈሳሹ የአክሪሊክ (የፕላስቲክ ዘር) ሰም ይሻላል፤ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። በአንድ ጊዜ ወፍራም የቀባ ሰው ወለሉ ለሳምንት እንደ ማር ይጣበቅበታል። በላምባ የመወልወል ልማድ ግን ይቅር፦ ሰሙን ይፈታዋል፣ እሳትም ይጋብዛል።

የአየሩ ነገር ደግሞ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ናት። ነሐሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ ሌላ ቦታ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ የሚደርቀው ሰም እኛ ጋ ሰዓት አልፎም እጅ ይይዛል። ዋናውን የሰም ሥራ ለበጋ አድርጉት። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ማድረቁ አያስቸግርም፤ እዚያ ጠላቱ አቧራ ነው። አቧራ ፓድ ሥር ከገባ ሰሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ስለዚህ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት መግቢያው ላይ ረጅም የእግር መጥረጊያ አንጥፉ፤ ርካሽ ነው፣ ግማሽ ሥራም ያቀላል። ቡና የሚያፈሉ ተከራዮቻችሁንም ለምኑ፦ እርጥብ ቄጠማ ሲረገጥ ሰሙን አረንጓዴ ያደርጋል፤ ከማጨሻው የወደቀ ፍም ደግሞ ፕላስቲክ ታይልሱን ይበሳል።

ያገለገለ ማሽን ሲቀርብላችሁ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሳህን አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣው ብዙውን ጊዜ 110 ቮልት ነው፤ በእኛ 220 ላይ ቀጥታ ከተሰካ ያኔውኑ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እንደሚስብ አስቡበት።

አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ዘገምተኛውን ይውሰድ፤ በዚህ አላወላውልም። ፈጣኑ የሚገባው ዘገምተኛው ላለው፣ ረጅም ኮሪደርና ጠንካራ አክሪሊክ ላለው፣ በየሌሊቱም ለሚያስነሣው ሕንፃ ነው። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ፓዱ 17 ኢንች ይሁን 20 ጠይቁ፤ ተተኪውም እዚሁ ገበያ ላይ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። የእኛ ስቶር ውስጥ ፓድ ያጣ ማሽን አንድ አለ፤ ባልዲ ይደገፍበታል።