ጅማ ላይ የኪራይ ግቢ፦ ደላላ ከሚያሳያቸው ሦስት ዓይነት ንብረቶች ለጀማሪ የሚሆነው የቱ ነው?

ጅማ ውስጥ «የሚከራይ ቤት ልግዛ» ብሎ ደላላ ዘንድ የሄደ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ነገር ያያል። አንደኛው ባለ ብዙ ክፍል ነባር ግቢ ነው፤ ከፊት ዋና ቤት፣ ከኋላ ወይም ከጎን በረድፍ የተሠሩ ከ6 እስከ 12 የሚደርሱ ሰርቪስ ክፍሎች። ሁለተኛው ጅምር ፎቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ተሞልቶ ግድግዳው ያልተሠራ ጂ+1 ወይም ጂ+2። ሦስተኛው ባዶ የሊዝ ቦታ ነው። ብያኔውን ከወዲሁ ለመናገር፣ ለጀማሪ የሚሆነው ነባሩ ግቢ ነው። እሱም ቢሆን ክፍሉ ተቆጥሮ ሳይሆን ወረቀቱና ፍሳሹ ታይቶ ሲገዛ ብቻ።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ሒሳብ ከመንገድ እናንሳ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የኪራይ ሕንፃ ትምህርት በአብዛኛው የአሜሪካ ነው። እዚያ 5 እና ከዚያ በላይ መኖሪያ ያለው ሕንፃ እንደ ንግድ ንብረት ይቆጠራል፤ ዋጋውም ብድሩም የሚሰላው በዋናነት ከሚያስገባው ኪራይ ነው። ስለዚህ ኪራይ የጨመረ ሰው የሕንፃውን ዋጋ ጨመረ ማለት ነው፣ በዚያው ላይም ይበደራል። እኛ ጋ የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ የሚለካው ብሎኬቱን፣ ቆርቆሮውንና የቦታውን ደረጃ ነው። ክፍሉ በ2,000 ተከራየ በ3,000፣ የመያዣ ግምቱ ያው ነው። ኪራይ መጨመር ኪስ ይሞላል እንጂ ብድር አያሰፋም።

ለስሌት ያህል 10 ክፍል ያለው ግቢ በ4 ሚሊዮን ብር ተጠየቀ እንበል፤ እያንዳንዱ ክፍል በወር 2,500 ይከራያል። በዓመት 300,000 ነው። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢያድር 25,000 ይቀነሳል። ለጥገና ከጠቅላላ ኪራዩ 10 በመቶ፣ ማለትም 30,000፣ ለመጸዳጃ ማስመጠጥ፣ ለውሃና ለመብራት ጉድለት 20,000 ይያዝ። ከግብር በፊት የሚቀረው 225,000 ነው፤ ከዋጋው 5.6 በመቶ መሆኑ ነው። አሁን ግማሹን፣ 2 ሚሊዮኑን፣ በ17 በመቶ ወለድ እንበደር ብንል የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 340,000 ገደማ ይሆናል። ግቢው የራሱን ወለድ እንኳ አይችልም። ይኸው ግቢ የሚሸከመው ብድር 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ10 ዓመት የሚከፈል ከሆነ በወር ወደ 17,400፣ በዓመት ወደ 208,600 ይመጣል፤ እሱም ከግብር በፊት ለጥቂት ነው የሚያልፈው። ደላላው «ግማሹን ባንክ ይከፍልልሃል» ሲል ይህችን ወረቀት አውጥቶ ማሳየት ነው። ወለድ የማይፈልግ ገዢ በሙራባሃ (ባንኩ ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ በሚሸጥበት) ወይም የባንኩ ድርሻ እየቀነሰ በሚሄድበት ሙሻረካ (የሽርክና ግዢ) ሲጠይቅም ያው ስሌት ይሠራል፦ ወርሃዊው ክፍያ ሲደመር ከተጣራው ኪራይ በልጦ እንደሆነ ግቢው ከደመወዝ ይበላል።

ወደ ወረቀቱ። ነባር ይዞታም ሆነ ሊዝ፣ ዋናው ካርታ በእጅ መጥቶ ማዘጋጃ ቤት ካለው ፋይል ጋር መመሳከር አለበት፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። እዚያው እግድ ወይም የባንክ መያዣ ተመዝግቦ እንደሆነ ይጠየቃል። ቀጥሎ ሜትር ይዞ ግቢውን መለካት ነው። በካርታው 250 ካሬ፣ በአጥሩ 310 ካሬ የሚሆን ግቢ ብርቅ አይደለም። ሰርቪሶቹ የተሠሩት በዚያ በትርፉ 60 ካሬ ላይ ከሆነ የተገዛው ኪራይ መሬት የለውም። ክፍሎቹ በግንባታ ፈቃዱ ፕላን ላይ መኖራቸውም ይታይ። ያለ ፈቃድ የተቀጠሉ አራት ክፍሎች ዛሬ ያከራያሉ፤ መንገድ ሲሰፋ ግን ካሳ የሚጠየቅባቸው አይሆኑም።

ሽያጩ የሚፈጸመው ውልና ማስረጃ ፊት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲፈጸም ይላል። በሽማግሌና በምስክር ብቻ የተጻፈ የመንደር ውል ጠብ ሲነሳ ገዢውን ያስለቅሰዋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ በመርህ ደረጃ ውክልና ከወካዩ ሞት ጋር ያበቃል። ያገባ ሻጭ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። በወጪ በኩል የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ የሕንፃ ሽያጭ ጥቅም ግብር 15 በመቶ ሲሆን ሕጉ የጣለው ሻጩ ላይ ነው። በድርድር ግን ወደ ገዢ ይገፋል፤ ማን እንደሚከፍል ቀብድ ሳይሰጥ በፊት ይጻፍ።

አካሉ ደግሞ እንዲህ ይፈተሻል። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ከፊል ከተማዋም ጥቁር የሚያብጥ አፈር ላይ ተቀምጣለች። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱም አብሮት ይነሳል ይወርዳል። ምልክቱ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ችግሩ፣ በነሐሴ ያየ ገዢ ስንጥቁን ተዘግቶ ያገኘዋል፤ በየካቲት ያየ ደግሞ እርጥበቱን ደርቆ። እንግዲህ የሚቻለው ሁለቴ ይይ። የማይቻለው አዲስ ቀለምን ይጠርጥር። ግቢው በሙሉ አሮጌ ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ ለምን ተቀባ?

በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ብሎኬት ይመስላል። ለመለየት የመስኮቱን ጠርዝ ማየትና ግድግዳውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ማንኳኳት ይበቃል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር ስለማይያያዝ ልስኑ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይደመጣል፣ ከታችም ይላቀቃል። ጭቃ ቤት መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም። በብሎኬት ዋጋ መሸጡ ነው ነውሩ። እንጨቱን ምስጥ በልቶት እንደሆነ ኮርኒሱ ጥግ ላይ የአፈር መስመር ይታያል። ቆርቆሮው 32 ጌጅ ከሆነ ስስ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ስለሚጨምር 28 ይሻላል። አሸንዳ የሌለው ረድፍ ቤት ደግሞ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ መሠረቱ ሥር ያፈስሳል፣ በጥቁር አፈር ላይ ከዚህ የከፋ የለም።

ገዢዎች የማያዩት፣ ባለቤቶችን ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳው መጸዳጃው ነው። አዌቱ ወንዝ ዳርና ዝቅ ባለው ወደ ቦዬ ባለው ወገን የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ጉድጓዱ በክረምት ከታች ውሃ ስለሚሞላበት ባስመጠጡት በሳምንቱ መልሶ ይሞላል። ለ10 ክፍል፣ 20 ሰው ገደማ፣ ቢያንስ ሦስት መቀመጫ ያስፈልጋል። የመምጠጫው መኪና የሚገባበት መንገድ መኖሩ፣ ቱቦውም እስከ ጉድጓዱ መድረሱ ይለካ። ቱቦ የማይደርስበት ጉድጓድ ለዘላለም በባልዲ ነው። ውሃው ተራ ጠብቆ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሰው በቀን 30 ሊትር ቢጠቀም 20 ሰው 600 ሊትር ይፈጃል፤ 5,000 ሊትር ሮቶ 8 ቀን ያቆያል። ሮቶው ሲሞላ 5 ቶን ነውና የባህር ዛፍ ማማ ላይ የተሰቀለ ካለ ዋጋ ሲደራደሩ ከፍ አድርጎ መጥቀስ ነው።

መብራት። አሥሩ ክፍል በአንድ ቆጣሪ ከሆነ፣ ታሪፉ በፍጆታ መጠን እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ ወርሃዊው ፍጆታ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት አልፎ ከፍተኛው እርከን ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱ ተከራይ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ዝቅተኛ እርከን ላይ ይቀር ነበር። ባለቤቱ «መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው» ካለ ልዩነቱን እሱ ይከፍላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ አንዱ ብቻ 16 አምፔር ነው። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲጣዱ 32 ይሆናል፤ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይነዳል። ለምጣድ የተለየ መስመርና ማብሪያ ማጥፊያ የሌለው ግቢ የማስተካከያው ወጪ ከዋጋው ይቀነስለት።

ተከራዩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ብዙ ጀማሪ «ዩኒቨርሲቲ አለ» ብሎ ይገዛል። መደበኛ ተማሪ ግን በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው የሚያድረው። ቂጦ ፉርዲሳ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ዙሪያ ክፍል የሚይዘው ሠራተኛው፣ የማታና የቅዳሜ ተማሪው፣ ሆስፒታል የተኛ ሰው አስታማሚው ነው። መርካቶና አጂፕ አካባቢ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ ይበዛል። የነጋዴው አከፋፈል ቡና ከሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይስተካከላል፣ ክረምት ላይ ይዘገያል። 2016 ላይ የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። በክልል ከተሞች የሚፈጸመው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ፣ ኪራይ እጨምራለሁ ብሎ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቅ።

ጅምር ፎቁ ሲያዩት ያማልላል። ነገር ግን ከሶሌታው በላይ የቆሙት ፌሮዎች ስንት ክረምት እንደተመቱ ይታይ። ላዩ ብቻ የቀላ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ ቅርፊት እየጣለ የሳሳ ፌሮ ግን ኮለኑን አይሸከምም። ፕላኑ ለጂ+2 ሆኖ መሠረቱ ለጂ+1 የተቆፈረበትም ይኖራል፣ ያን የሚያውቀው የተቆጣጠረው መሐንዲስ ብቻ ነው፤ ስሙ ፈቃዱ ላይ ስላለ ይፈለግ። በሊዝ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ሻጩ በፈለገው ዋጋ ማስተላለፍ አይችልም። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ሽያጩን በመንግሥት ክትትል ሥር አድርጎ የሻጩን ድርሻ ይገድበዋል። በውስጥ ስምምነትና በውክልና ከሚሸጡት ጅምሮች ብዙዎቹ ከዚህ የሚሸሹ ናቸው። ልምድ ያለውና ጥሬ ገንዘብ የያዘ ይግዛው፤ ጀማሪ ይለፈው።

ባዶው የሊዝ ቦታ ባጭሩ፦ በ2004ቱ አዋጅ የሊዝ ዘመኑ ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ 70 ዓመት፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ አያንስም። ኪራይ እስኪያስገባ ዓመታት ይሄዳሉ፤ የግንባታ ጊዜ ገደቡ ግን ከውሉ ቀን ጀምሮ ይቆጥራል።

የቀረው ደላላው ራሱ ነው። በልማድ 2 በመቶ ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜም ከሁለቱም ወገን። ጥሩው ደላላ የሚያዋጣው ሰፈሩን ስለሚያውቅ ነው፤ የትኛው ግቢ በወንድማማች ክርክር እንዳለ፣ የትኛው ሦስት ጊዜ ለገበያ ወጥቶ እንደተመለሰ ይነግራል። ድክመቱ ክፍል አቆጣጠሩ ላይ ነው፦ ዕቃ ቤቱንም፣ የዘበኛውንም ጎጆ፣ አንዳንዴ ማድቤቱንም «ክፍል» ይላል። 10 ያለው ግቢ ሲቆጠር 7 ይወጣል። ተከራዮቹን አንድ በአንድ አንኳኩቶ የሚከፍሉትን መጠየቅ ነው፣ ሻጩ በሌለበት። ኮሚሽኑ ደግሞ ቀብድ ሲሰጥ ሳይሆን ስመ ንብረቱ ሲዞር እንዲከፈል በጽሑፍ ይስማሙ፤ ያኔ ደላላው ማዘጋጃ ቤት ከገዢው ቀድሞ ይገኛል።