አባታችንን ራሳቸውን ለጠየቀች ነርስ ምስጋና

አባታችን በስትሮክ ከታመሙ ወዲህ እጅና እግራቸው ቀስ በቀስ ቢመለስላቸውም መዋጥ ግን አስቸግሯቸው ቆይቷል፤ ውኃ በጠጡ ቁጥር ትን ይላቸዋል፣ እንጀራውም ጉሮሯቸው ላይ ይቆማል። ዓባይ ማዶ ወደሚገኘው ቤታችን እየመጣች የምትከታተላቸውን ነርስ በአደባባይ ማመስገን የፈለግሁት ስለ እንክብካቤዋ ብቻ ሳይሆን አባታችንን ስለጠየቀችበት መንገድ ጭምር ነው። ስሟ እንዳይጻፍ ስለፈለገች ሲስተር እያልሁ እቀጥላለሁ።

ቀደም ሲል በሄድንበት ሌላ ቦታ ስለ ኑሯቸው ጥራት የሚጠይቅ ቅጽ ተሰጥቶን የሞላሁት እኔ ነበርሁ፤ አባታችን አጠገቤ ተቀምጠው አንድም ቃል አልተጠየቁም። ሲስተር ግን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ለእሳቸው አነበበችላቸው። የያዘችው እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነ ኢት-10 የተባለ መጠይቅ ሲሆን፣ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፣ ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነም የመዋጥ ችግር መኖሩን ይጠቁማል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ችግሩ ከቤት ውጭ ሄዶ መመገብን ያስተጓጉል እንደሆነ ይጠይቃል። አባታችን ምንም እንደማያስተጓጉላቸው ተናገሩ፤ 0 ማለት ነው። ሲስተር ብዕሯን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ ለመሆኑ ከመታመምዎ በፊት ሆቴል ይበሉ ነበር?» አለቻቸው። «እኔ ምን ሆቴል አውቃለሁ፣ ልጄ» አሏት። ስለ ማኅበር ስትጠይቃቸው ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ ከታመሙ ጀምሮ ከጽዋ ማኅበራቸው እንደቀሩ፣ ለቅሶ ቤት ደርሰውም እህል ሳይቀምሱ እንደሚመለሱ፣ ሰው ሲያጎርሳቸው ትን ብሏቸው ማዕዱን እንዳያውኩ እንደሚፈሩ ነገሯት። እኛ ልጆቻቸው የቀሩት ደክሟቸው ይመስለን ነበር።

ያም ሆኖ ነጥቡን አልለወጠችውም። ጥያቄውን በራሷ ብትቀይረው ውጤቱን ከሌሎች ሕመምተኞች ውጤት ጋር ማነጻጸር እንደማይቻል አስረድታን፣ የነገሯትን ከጎኑ ለብቻው ጻፈችው። በሌላ ቀን ደግሞ ስዋል-ኳል ከተባለው፣ 44 ጥያቄዎች ካሉትና ስለ ፍርሃት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካምና ስለ እንቅልፍ ጭምር ከሚጠይቀው መጠይቅ ጋር መጣች፤ ረጅም በመሆኑም በሁለት ጊዜ ከፍላ ጨረሰችው። እዚያም ከሌላው ሰው ይልቅ ለመብላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድብዎታል ወይ ለሚለው አባታችን «የለም» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ከአንድ ትሪ ስለምንበላ፣ ሌላው እጁን ሲሰበስብ እሳቸውም ሳይጠግቡ አብረው ይሰበስቡ ነበርና። ለየብቻ ሳህን ለሚበላ ሰው የተዘጋጀ ጥያቄ እኛ ቤት ሲደርስ ምን ያህል እንደሚደበቅበት ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ የሰውነታቸው መክሳትም ምክንያቱ የገባን ያኔ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሁኔታቸው ምንም ሳይለወጥ፣ ያንኑ መጠይቅ ደግማ ጠየቀቻቸው፤ መልሱ በራሱ የሚዋዥቅ ከሆነ በኋላ የሚታየውን መሻሻል ማመን አይቻልም ብላለች። መጠይቁ የማይደርስበትንም አልሸሸገችንም፤ ምግብ ያለ ትንታ ወደ ሳንባ ሊገባና የሳንባ ምች ሊያስከትል ስለሚችል፣ ነጥቡ ዝቅ ቢል እንኳ ምርመራ እንደማይቀር ነግራ ወደ ሐኪም ላከችን። ከምርመራው በኋላ ወፈር ያለ አጥሚት፣ አነስ ያለ ጉርሻና የራሳቸው ሳህን ተፈቀደላቸው። ለኅዳር ሚካኤል አባታችን ወደ ማኅበራቸው ተመልሰዋል፤ ሳህናቸውን ያስያዘቻቸው እናታችን ናት።

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው የምታስታምሙ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ቀጠሮውን በምግብ ሰዓት አድርጉት፤ ከመጠየቋ በፊት ሲበሉ ማየት ትፈልጋለች።