«ቢሙ በዋጋው ውስጥ ነው» ሲሏችሁ ስሌቱን ጠይቁ

ተሸካሚ ግድግዳ (ከላዩ ያለውን ጣሪያ ወይም ፎቅ የሚሸከም ግድግዳ) አፍርሳችሁ ቤታችሁን ሰፋ ለማድረግ ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ በግድግዳው ምትክ ጭነቱን በአግድም የሚሸከመውን ቢም ስሌት ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።

ለእኔ የቀረበልኝ ውል የሚያጓጓ ነበር፤ ማፍረሱ፣ የብረት ቢሙ፣ ልስኑና ቀለሙ ሁሉ በአንድ ዋጋ። ሥራ ተቋራጩ የሚከፈተውን ቦታ ስፋት ለካና ከሌላ ሥራ የተረፈ ቢም እንዳለው ነገረኝ። ከግድግዳው በላይ ምን እንዳለ ለማየት ግን ቀና እንኳን አላለም። ስሌቱን ስጠይቀው «ይህ ቢም ስንቱን ተሸክሟል!» አለኝ። አልፈረምኩም።

ስንቱን ቢሸከም የእናንተን ቤት ጭነት አያውቀውም። ከላይ ያለው ጣሪያ ብቻ ነው ወይስ የፎቅ ሶሌታ (የአርማታ ወለል)? ሶሌታው የሚያርፈው በዚሁ ግድግዳ ላይ ነው? በላዩስ ሌላ ግድግዳ ወይም የውኃ ታንከር አለ? ስፋቱም ቢሆን ያታልላል። በእያንዳንዱ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጭነት ሳይለወጥ ክፍተቱ ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ቢሰፋ፣ ቢሙን የሚያጎብጠው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል፤ ያው ቢም ወደ ታች የሚጎብጥበት መጠን ደግሞ 16 እጥፍ ያድጋል። ቢሙ ባይሰበር እንኳን ከላይ ያለው ልስን ይሰነጠቃል፣ የፎቁ በር አልዘጋ ይላል።

«ሁለት ቢም ጎን ለጎን እናደርጋለን» የሚለው መልስም አያታልላችሁ። ሁለት ተመሳሳይ ቢሞች ጥንካሬውን እጥፍ ቢያደርጉት ነው። የእንጨት ቢም ቁመቱ (ከላይ እስከ ታች ያለው ልኬቱ) እጥፍ ሲሆን ግን ጥንካሬው 4 እጥፍ፣ ላለመጉበጥ ያለው አቅም 8 እጥፍ ይሆናል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የቢሙ ጫፍ ነው። በግድግዳው ርዝመት ተበትኖ የነበረው ጭነት አሁን ሁለት ቦታ ላይ ይከማቻል። እዚያ ያለው ባዶ ብሎኬት ከሆነ ሊፈረካከስ ይችላል፤ የአርማታ ማረፊያ፣ አንዳንዴም አዲስ ምሰሶና መሠረት ያስፈልጋል። በቀረበልኝ ውል ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል አልነበረም። እንዲህ ያለው ወጪ ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ «ተጨማሪ ሥራ» ተብሎ ሲመጣ ለመደራደር ምን አቅም ይኖራችኋል?

መሐንዲሱን ራሳችሁ ቅጠሩ፤ ክፍያውም ከእናንተ እጅ ይሁን። በፊርማው የሚሰጣችሁ ስሌትና ሥዕል የቢሙን መጠን፣ ጫፎቹ የሚያርፉበትን ርዝመትና ፑንቴሎ (በሥራው ጊዜ ከላይ ያለውን ጭነት የሚደግፍ ጊዜያዊ ምሰሶ) የሚቆምበትን ቦታ ያሳይ። ብረት ከሆነ ከእሳት የሚከላከለው ልባስም በዋጋው ውስጥ ይግባ። በቢሙና በላዩ ባለው ግንብ መካከል ያለው ክፍተት በሞርታር ታጭቆ ሳይጠነክር ፑንቴሎ እንዳይነሳ በውሉ ላይ አስጽፉ።

ሥራው አልቆ ከክፍተቱ ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ መውጣት ከጀመረ ደግሞ በልስን አታስደፍኑት። ከሥሩ ዞር በሉና መሐንዲስ በአስቸኳይ ጥሩ።