ስቲም ለአስፈሪ ጌም ሽፋን ምን ያህል ይመቻል?

በአነስተኛ በጀት፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ አስፈሪ ቪዲዮ ጌም ገዢውን የሚያገኘው በአብዛኛው ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ውስጥ ነው። ይህ መደብር ብዙውን ጊዜ የሚገመገመው በዋጋው፣ በቅናሹና በገንዘብ አመላለሱ ሲሆን፣ እኔ ግን እዚህ የምመለከተው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ አስፈሪ ጌም ሠርቶ ለሽያጭ የሚያቀርብ ሰው የጌሙን ሽፋን በዚህ መደርደሪያ ላይ ሲያኖር መደብሩ ያግዘዋል ወይስ ያደናቅፈዋል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ስቲም ሽፋንን የሚያከብር፣ ደንቡም በመሠረቱ ትክክል የሆነ መደብር ነው፤ ጨለማ ሥዕልን ግን ይውጣል፤ አስፈሪ ጌም ደግሞ ከጨለማ ሊርቅ አይችልም። ስለዚህ ሽፋኑን የሚሠራው ሰው ሥራውን መጀመር ያለበት ከሚፈራው ነገር ሳይሆን ብርሃኑ ከሚያርፍበት ቦታ ነው።

መደብሩ የሚጠይቀው አንድ ሥዕል ሳይሆን በርካታ ሥዕሎችን ነው። በጌሙ ገጽ አናት ላይ የሚቀመጠው 920 በ430 ፒክስል፣ በመነሻ ገጹ ላይ በጉልህ የሚታየው 1232 በ706፣ ቁመቱ የሚበልጠው 748 በ896፣ በገዢው የግል ስብስብ ውስጥ የሚታየው ደግሞ 600 በ900 ነው። ከሁሉም የሚከብደው ትንሹ ነው። 462 በ174 ሆኖ ይሰቀላል፤ መደብሩ ግን በየዝርዝሩ ውስጥ ለማሳየት ራሱ እያሳነሰ እስከ 120 በ45 ፒክስል ድረስ ያወርደዋል። በዚህ ልክ ፊት ፊት መሆኑ ይጠፋል፣ ቤት ቤት መሆኑ አይታወቅም፤ ተመልካቹ የሚያየው ከሚያልፍ ታክሲ መስኮት እንደሚነበብ የሱቅ ጽሑፍ ስሙን ብቻ ነው። መደብሩ ለሠሪዎች የሚሰጠው መመሪያም በትንሹ ሥዕል ላይ የጌሙ ስም ቦታውን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንዲጎላ ይመክራል፤ ይህ ምክር ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ለአስፈሪ ጌም ሲሆን ግን ከባድ ውጤት አለው፦ ፍርሃቱን ሊሸከም የሚገባው የፊደሉ ቅርጽ ራሱ ይሆናል ማለት ነው። በምላጭ የተቧጨሩ የሚመስሉ ቀጫጭን ፊደላትና ከሥራቸው ደም የሚንጠባጠብባቸው ስሞች በትልቁ ሥዕል ላይ ቢያምሩም፣ ቁመታቸው ከ45 ፒክስል በታች ሲሆን መስመራቸው ከአንድ ፒክስል ስለሚቀጥን ወደ ግራጫ ጭጋግ ይለወጣሉ። ወፍራም ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተሰበረ ፊደል ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። የስቲም ገጽ መደብ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጠርዙ ጥቁር የሆነ ሽፋን እዚህ መደብ ላይ ሲያርፍ ወሰኑን ያጣል፤ ከጎኑ ያሉት ሥዕሎች እንደ ካርድ ጎልተው ሲታዩ እርሱ በገጹ ላይ ያለ ክፍት ቦታ ይመስላል። የአስፈሪ ጌሞችን ዝርዝር ከፍቶ ለሚያይ ሰው ችግሩ ይበልጥ ይብሳል፤ አብዛኞቹ ሠሪዎች ጥቁር መደብና ቀይ ጽሑፍ ስለሚመርጡ ረድፉ አንድ ወጥ ይሆናል። ቀይ ደግሞ የሚታሰበውን ያህል የሚያበራ ቀለም አይደለም። በስክሪን የብርሃን ስሌት ንጹሕ ቀይ የነጭን ብሩህነት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ንጹሕ ቢጫ ግን ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ ነው። በጥቁር ላይ ያረፈ ቀይ ጽሑፍ በትልቁ ሥዕል ላይ ያስደነግጣል፣ በትንሹ ላይ ግን ይሰምጣል፤ ቀይን የመለየት ችግር ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ከዚህም አጨልመው ያዩታል። ምስሉ ጄፔግ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲታመቅም ከብርሃን ዝርዝር ይልቅ የቀለም ዝርዝር ይበልጥ ስለሚቀነስ፣ በጥቁር ላይ ያለ ደማቅ ቀይ ጠርዙ ይደበዝዛል። ሽፋኑን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ ማየት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጋልጣል፤ ስሙ ከመደቡ ካልተለየ ቀለሙ አያድነውም።

ይህን ፈተና በጥሩ ሁኔታ ያለፉ ሽፋኖች አሉ። የዴንማርኩ ጌም ሠሪ ድርጅት ፕሌይዴድ በ2010 ያወጣው ሊምቦ ቀለም የሚባል ነገር አይጠቀምም፤ ነገር ግን መደቡ ጥቁር ሳይሆን ብርሃን ያዘለ ግራጫ ጉም ነው። ጥቁሮቹ ዛፎቹና ልጁ ናቸው፤ የልጁ ዓይኖች ደግሞ ሁለት ነጭ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ጨለማውን ከኋላ በማብራት እንዲታይ ማድረጉን ያህል የሚያስደንቀኝ የሽፋን መላ የለም። በ2014 ስኮት ካውተን ለብቻው ሠርቶ ያወጣው ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው የጥበቃ ካሜራዎችን በማየት ቢሆንም፣ ሽፋኑ ቢሮውንም ካሜራውንም ትቶ ከጨለማ ወጥቶ ወደ ተመልካቹ የቀረበውን የሜካኒካዊ ድብ ፊት ብቻ ያሳያል። ፊት ደግሞ ከማንኛውም ቅርጽ ይበልጥ በፍጥነት የሚለይ ነገር ስለሆነ መጠኑ ሲያንስም ኃይሉን አያጣም። ሦስተኛው የስዊድኑ ታርሲየር ስቱዲዮስ በ2017 የሠራው ሊትል ናይትሜርስ ነው፤ ትልቁ የጃፓን አሳታሚ ባንዳይ ናምኮ ስላሳተመው ኢንዲ (ያለ ትልቅ አሳታሚ በግል የተሠራ) ለማለት ቢያከራክርም ትምህርቱ ለድሃ ሠሪም ይሠራል። ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ትንሽ ልጅ በጨለማ ዓለም ውስጥ ስትታይ፣ ስለ ቢጫና ቀይ ከላይ ያልሁት ስሌት በተግባር ይታያል፤ ዓይን መጀመሪያ ልጅቷን ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዙሪያዋ መጨነቅ የሚጀምረው። በሦስቱም ላይ አንድ ጎልቶ የሚለይ ነገር አለ፤ የተቀረው ተሰውሯል። ጭራቁን፣ ቤቱን፣ መጥረቢያውንና የሚሸሸውን ሰው በአንድ ላይ ያጨቀ ሽፋን ግን የጌሙን ታሪክ ይናገራል እንጂ አያስፈራም።

የመደብሩን ደንብ በተመለከተ ምስጋናዬ ያመዝናል። ከመስከረም 1 ቀን 2022 ጀምሮ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) በእነዚህ ሽፋኖች ላይ ከጌሙ ስምና ከይፋዊ ንዑስ ርዕሱ ሌላ ጽሑፍ ማስፈር አይፈቀድም፤ የግምገማ ነጥብ፣ የሽልማት ስም፣ የቅናሽ ማስታወቂያ ሁሉ ተከልክሏል። ይህ ክልከላ ሽልማት የማሸነፍ ዕድል ያላገኘውን ትንሽ ሠሪ ከትልልቆቹ ጋር እኩል ከማቆሙም በላይ አስፈሪ ጌምን በተለይ ይጠቅማል፤ ፍርሃት የሚፈጥረው ባዶ ቦታ በኮከቦችና በጥቅሶች አይሞላምና። ለአዲስ ይዘት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚቀመጥ ተለዋጭ ሽፋን መፈቀዱም መልካም ነው። ሽፋኑ በመደብሩ ለሚያልፍ ሁሉ የሚታይ ስለሆነ፣ ጌሙ ለአዋቂዎች ብቻ ቢሆንም ሥዕሉ ለሰፊ ተመልካች የሚሆን እንዲሆን መጠየቁ ሠሪዎችን ቅር ሲያሰኝ ይሰማል። እኔ ግን ቅሬታውን አልጋራም፤ የተዘነጠለ አካል በ120 ፒክስል ስፋት ላይ የሚታየው እንደ ቀይ እድፍ ብቻ ነው።

የጌሙን ስም በፊደላችን ሊጽፍ ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ ሠሪ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። «በ» እና «ቡ»፣ «ለ» እና «ሊ» የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ያች ቅጥያ በትንሹ ሥዕል ላይ ከጠፋች ስሙ የሚነበበው በስሕተት ነው። ስለዚህ ስሙ አጭር፣ ፊደሉ ወፍራም፣ ቅጥያዎቹ ደግሞ ከተለመደው የጎሉ ሆነው በእጅ ቢሣሉ ይመረጣል፤ ለመጽሐፍ የተሠራን ቅርጸ ፊደል እንዳለ አምጥቶ መለጠፍ አይበቃም።

ከስቲም ጎን መጠቀስ ያለበት ኢች የተባለው መደብር ነው። እርሱ የሚጠይቀው አንድ ሽፋን ብቻ ነው፤ ትንሹ ልክ 315 በ250፣ የሚመከረው 630 በ500 ፒክስል። የገጹ መደብ በአብዛኛው ነጭ ስለሆነ ጥቁር ሽፋን እዚያ ወሰኑን አያጣም፤ ከዚህም ሌላ ጊፍ የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይቀበላል። ለአስፈሪ ጌም ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፦ ለብዙ ሰከንድ ሳይነቃነቅ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከደን ዓይን ስቲም ላይ በሽፋንነት ሊቀመጥ አይችልም። ይሁን እንጂ ስቲም ለአንድ ጌም 100 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ ቢያስከፍልም፣ ገዢው በብዛት ያለው እዚያ ነው።

ለዚህ ሥራ ስቲምን እመክራለሁ፤ ምክሬ ግን የሚሠራው ሽፋኑን ከትንሹ ልክ ጀምሮ ለሚሠራ ሰው ነው። ሠዓሊ የሚቀጥር ሠሪም ትልቁን ሥዕል ብቻ አዝዞ ሌሎቹን ራሱ ከመቁረጥ ይልቅ፣ ትንሹ ለብቻው እንዲሠራና ሥዕሉና ስሙ ተለያይተው በንብርብር እንዲሰጡት በውሉ ላይ ያስፍር። ከስቲም የምጠይቀው አንድ ማሻሻያ ነው፤ በእያንዳንዱ ሽፋን ዙሪያ ከመደቡ በጥቂቱ የፈካ ቀጭን ጠርዝ ቢያደርግ፣ ጥቁር ሽፋን ያላቸው ጌሞች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ወጪ ቦታቸውን ያገኛሉ።