ኢኮቢ ቴርሞስታት፦ ማሞቂያና ማቀዝቀዣን ከስማርት ቤት ጋር ለማገናኘት
አሜሪካ ውስጥ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው በ24 ቮልት መቆጣጠሪያ ለሚሠራ ቤት፣ ከሞከርኳቸው ቴርሞስታቶች (የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎች) ሁሉ የምመርጠው ኢኮቢን ነው። ፈተናው መተግበሪያው ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ በአሮጌ ቤቶች ለቴርሞስታቱ የማያቋርጥ ኃይል የሚሰጠው የ«ሲ» ሽቦ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ከብዙዎቹ የኢኮቢ ሞዴሎች ጋር አብሮ የሚመጣውን ትንሽ ማሟያ በማሞቂያው ማሽን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ መግጠም ያስፈልጋል። በሆምኪት (የአፕል የስማርት ቤት ሥርዓት) በኩል ከሆም አሲስታንት (ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የስማርት ቤት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) ጋር ሲገናኝ ትእዛዙ በቤቱ ኔትወርክ ብቻ ስለሚያልፍ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል፤ ለእኔ ዋጋውን የሚያካክሰው ይህ ነው። መስኮት ሲከፈት ማቀዝቀዣውን እንዲያጠፋ ማዘዝም ቀላል ነው። ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ ወደ ቤት እያስገባ የሚያሞቅ ማሽን) ያለው ሰው ግን ሌሊት ሙቀቱን አብዝቶ ቀንሶ ጠዋት በአንዴ ከፍ እንዲል ባያዝዝ ይሻላል፤ ረዳቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳና ሌሊት የተቆጠበውን ይበላዋል።