ካፌይን ያለበት የሴሉላይት ቅባት፦ የ8 ሳምንት ሙከራ

ቦሌ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የመዋቢያ ዕቃዎች መደብር በ2,400 ብር የገዛሁት ይህ ቅባት 200 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ቱቦ የታሸገ ሲሆን፣ በማሸጊያው ላይ በ28 ቀን ውስጥ ሴሉላይትን፣ ማለትም ጭንና ዳሌ ላይ የሚታየውን የቆዳ ጎድጎድ ማለት፣ እንደሚያጠፋ ተጽፎበታል። ሻጯም «እህቴ፣ ስቡን ያቀልጠዋል» ብላ አረጋገጠችልኝ። መመሪያው እንደሚያዘው ጠዋትና ማታ ጭኔን እያሸሁ ተቀባሁ፤ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋትም እዚያው መስኮት አጠገብ ቆሜ ፎቶ አነሣሁ። አንዱ ቱቦ የሚያልቀው ከ28ኛው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ ሁለተኛ መግዛት ግድ ሆነብኝ።

መልካም ጎኑን ልናገር፤ ቅባቱ ቶሎ ይሠርጋል፣ ልብስ አያቆሽሽም፣ ሜንቶሉም ደስ የሚል ቅዝቃዜ አለው። ካፌይን በስብ ሕዋሳት ውስጥ ያለውን ውኃ ለጊዜው ስለሚቀንስ፣ ከተቀባሁ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ቆዳዬ ወጠር ይላል፣ ጎድጓዳዎቹም ደብዘዝ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የመጀመሪያውንና የስምንተኛውን እሑድ ፎቶ አቀላቅዬ ለእህቴ ባሳያት፣ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቆዳን ከሥሩ ካለው አካል ጋር የሚያያይዙ ጅማት መሰል ክሮች ቆዳውን ወደ ታች ሲስቡት፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ወደ ላይ ይገፋል። በወፍራም ክር የተወጋ የጥጥ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ክሩ የያዘው ቦታ ይሰረጉዳል፣ ጥጡ ዙሪያውን ያብጣል፣ ጨርቁን ላይ ላዩን ማሸትም ክሩን አይፈታውም። እነዚህ ክሮች በሴቶች ላይ በአብዛኛው ቀጥ ብለው የቆሙ፣ በወንዶች ላይ ግን የተጠላለፉ ናቸው። በዚህ ላይ ሆርሞንና ዘር ሲጨመሩበት ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑ አዋቂ ሴቶች ሴሉላይት ይኖራቸዋል፤ እህቴም ከእኔ ቀጭን ሆና ሳለ የእሷ ይብሳል።

ክሩን ራሱን የሚነካ ሕክምና አለ፤ የቆዳ ሐኪም በመርፌ ወይም በትንሽ ምላጭ ከቆዳ ሥር ይቆርጠዋል። ክሩን የሚያሟሟ መርፌም በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር፤ ይሁንና በሚያስከትለው መበለዝና የቆዳ ቀለም መለወጥ ሳቢያ በ2022 መጨረሻ አምራቹ ሽያጩን እንደሚያቆም አስታወቀ። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላላት ሴት ጠባሳ መሰል ጥቁረት ከጎድጓዳው ይልቅ ሊያሳስባት እንደሚችል እገምታለሁ። ከቅባቶች መካከል 0.3 በመቶ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ያላቸው ቆዳውን በማወፈር በመጠኑ ሊረዱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ትዕግሥት ይጠይቃሉ፣ ለነፍሰ ጡርም አይመከሩም። የገዛሁት ቱቦ ሬቲኖል የለበትም።

ለ4,800 ብር ያገኘሁት እንግዲህ ጥሩ የቆዳ ማለስለሻ ነው። አጭር ቀሚስ ለብሳ ሠርግ የምትሄድ ሴት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ብትቀባው እስከ ኬክ ቆረሳው ያደርሳታል፤ ለመልሱ ግን እንደገና መቀባት ይኖርባታል።